እሳት የቀባው ቢላ

ዳቦ ልትቆርሱ ቢላ ያነሳችሁ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አገላብጣችሁ እዩት። ከፋብሪካ ከወጣ ከሌላው አይለይም። በእጅ የተሠራው ግን ሌላ ነው።

ባለ እጁ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ ወናፍ እያስነፋ አግሎ ይቀጠቅጠዋል። (ይህን ሙያ ስንቱ ሲሰድበው ኖሯል! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።) ቅርጹ ሲወጣ፣ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስ ያግለውና ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ያኔ ይጠነክራል፤ ግን ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና፣ በቀስታ፣ ያሞቀዋል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የተወለወለው ብረት ሙቀቱ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ 300 አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ሰማያዊ። ቀለም የቀባው የለም። ላዩ ላይ የወጣችው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ናት ብርሃኑን እንዲህ የምታጫውተው። ብልህ ሠሪ ሙቀቱን በቢላው ጀርባ በኩል ይሰድና፣ ቢጫው ስለቱ ጋ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፤ ጀርባው ሰማያዊና በቀላሉ የማይሰበር፣ ስለቱ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል።

እጀታውስ? ወይራ፣ የበሬ ቀንድ፣ ወይም በየቀለሙ የተደራረበ ሬዚን። ሬዚኑ ያብለጨልጫል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቀንድን የሚያህል የለም። ብቻ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እንዳትረሱት።