የበላነው ምግብ ወዴት ይሄዳል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ሥነ ሕይወት ትምህርት ጥቂት እንድናገር ስለ ታዘዝሁ ደስታዬ ታላቅ ነው። ጉዳዩም ሜታቦሊዝም ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ለውጥ ማለት ነው፤ ይኸውም ሰውነት የበላውን እንጀራ ወደ ሙቀት፥ ወደ ጉልበትና ወደ አዲስ ሥጋ የሚለውጥበት ሥራ ሁሉ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ላቭዋዚዬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ እንስሳ በረዶ በከበበው ዕቃ ውስጥ አኖረ። የቀለጠውን በረዶ መዝኖ፥ ትንፋሿንም ለክቶ፥ መተንፈስ ማለት ቀስ ብሎ መንደድ ነው ሲል ደመደመ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ሲያድሩ እሳቱ እስኪነጋ እንደማይጠፋ፥ በእኛም ውስጥ ያለው እሳት ተኝተን እንኳ ይነዳል። አብዛኛው ሰው በቀን ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ለዚህ ለተዳፈነው እሳት፥ ማለት ለልብ፥ ለሳንባ፥ ለጉበት፥ ለአንጎልና ለመሰሉት የሚወጣ ነው። ከመቶ 10 ያህሉ የበላነውን ለመፍጨት ይሄዳል፤ የቀረው ለእንቅስቃሴ ነው። አንጎል ብቻውን ከክብደታችን ከመቶ 2 ያህል ሆኖ ሳለ በዕረፍት ጊዜ ከሚወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። (ብዙ በማጥናት እንከሳለን ብለው ተስፋ ያደረጉ ጓደኞቼ አይዘኑ፤ ስናስብና ሳናስብ ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው።)

ከሚነደው የተረፈው ስብ ሆኖ ይከማቻል። ታዲያ ሰው ሲከሳ ያ ስብ ወዴት ይሄዳል? ቢሉን ብዙዎቻችን በላብ ይወጣል እንላለን። በማለዳ በጎፋ ማዞሪያ ብትቆሙ ላስቲክ በሆዳቸው ጠምጥመው የሚሮጡ ሰዎች ታያላችሁ። በላስቲኩ ምክንያት ያጡት ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በአውስትራሊያ ሁለት ምሁራን ባሳተሙት ስሌት መሠረት፥ 10 ኪሎ ስብ ሲነድ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። ይህም ሲባል ሰው ቁና ቁና በመተንፈስ ይከሳል ማለት አይደለም፤ ጭሱ የሚበዛው እንጨቱ ሲነድ ነውና።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከመካከላችን ለመቅጠን ሲሉ ቁርስና ምሳ የሚተዉ አሉ፤ ከእኅቶቻችን አንዲቱ በጧት ሰልፍ ላይ ራሷን ስታ ስትወድቅ አይተናል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ፥ ክብደት ይቀንሳል የሚባል ኪኒን የሚገዙም አሉ። ሰውነት ግን መስተዋት አያይም። ምግብ በድንገት ሲጎድልበት ረኀብ ገባ ብሎ ምድጃውን ይዳፍናል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኀብ በበረታ ጊዜ ሰውን ጥቂት ቀን ያቆየው ይኸው ቁጠባ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ዐርፈው ሳሉ የሚያወጡት ጉልበትም ከመቶ 40 ገደማ ወረደ። የልባቸው ምት ዘገየ፥ በሙቀት ወራት ይበርዳቸው ነበር፥ ሐሳባቸውም ሁሉ ምግብ ሆነ። በኋላ ጠግበው መብላት ሲጀምሩ ከጡንቻው ይልቅ ስቡ ቀድሞ ተመለሰ። ቁርሷን የምትተው ጓደኛችን ከሁለት ወር በኋላ ከበፊቱ ወፍራ ብትገኝ እንግዲህ ስንፍናዋ አይደለም።

ጾምስ? የሚል አይጠፋም። በጾም ሰዓት ሰውነት በጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፤ ያም እየተመናመነ ሲሄድ ወደ ስቡ ይበልጥ ይዞራል። ነገር ግን 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀን የጾመ ሁሉ አይከሳም። ከቅዳሴ መልስ በዘይት የዋኘ ሽሮና ሳምቡሳ የቀረበለት ሰው ጉድለቱን በአንድ ማዕድ ይሞላዋል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነውና። ለነገሩ ጾም ለወገብ ተብሎ የተሠራ ሥርዓት አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ከመቶ 22ቱ ከልክ በላይ የቀጠኑ ሲሆኑ፥ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን የወፈሩት ወደ 29 ደርሰዋል። ስለዚህ «ወፈርሽ፥ አማረብሽ» የሚለው የአክስቶቻችን ምስጋና ለአንዷ እውነት ሲሆን ለሌላዋ የስኳር በሽታና የደም ግፊት መንገድ ይሆናል። ክብደቱ የበዛበት ሰው ከየማዕዱ ጥቂት ጥቂት ቢያጎድል፥ ምስሩንና ባቄላውን ባይተው፥ በእግሩ ቢሄድና ጡንቻውን ቢያሠራ ይሻለዋል፤ ጡንቻ ዐርፎ ሳለ እንኳ ከስብ የበለጠ ያነዳል። እንጀራ ያወፍራል ብሎ መሸሽም ከንቱ ነው። በስመ ጥር የኢትዮጵያ ሯጮች ላይ በተደረገና በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ ከምግባቸው ከሚያገኙት ጉልበት ከመቶ 64 ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የመጣ ነበር።

ከዚህ ንግግር በኋላ ወደ ሥነ ሕይወት ክፍላችን ብትገቡ በብርጭቆ የተዘጋጀ የኖራ ውሃ ታገኛላችሁ። በቀጭን ቱቦ ትንፋሻችሁን ብትነፉበት እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ የምታዩት ከበላችሁት ምግብ የወጣ ጭስ ነው። ቁርሱን ሳይበላ የመጣም ቢነፋ ይደፈርስለታል፤ እርሱ ግን የሚያነደው ትናንት ያስቀመጠውን ነው።