ፈትላችን በሚዛን ብቻ አይለካ

በአማኑኤል በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማነሣው የሁላችንም እጅ ስለሚያውቀው ፈትል ነው። አገራችን ደጋ ስለሆነ ጥጥ አያበቅልም። ከቆላ የመጣውን ከገበያ ገዝተን ፍሬውን እንዳምጣለን፤ በደጋን ነድፈን ባዘቶ እናደርገዋለን፤ ከዚያ እንዝርቱን አሹረን እንለቀዋለን። ክሩ ከእጃችን እየተመዘዘ ይከራል፤ በእንዝርቱ ላይ ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህን ሁሉ የምንሠራው ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት፣ ቡና እስኪፈላም ጭምር ስለሆነ ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም።

ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን የሚሠራው በፋብሪካ ክር ነው። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ከእኛ የሚፈልገው ማጉን ነው። ጋቢን ለስላሳና ሞቃት የሚያደርገው ደግሞ ይኸው የእጅ ፈትል ማግ ነው። ስለዚህ እጃችን ገና አልተተካም።

ችግሩ ሽያጩ ላይ ነው። ቀጭንና እኩል አድርጋ የምትፈትል ሴት ከአንድ ኪሎ ባዘቶ እጅግ ረጅም ክር ታወጣለች፤ ብዙ ቀንም ይፈጅባታል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን የእሷም አንድ ኪሎ፣ ቶሎ ቶሎ ወፍራም የፈተለችውም አንድ ኪሎ ነው። ዋጋው አንድ ከሆነ የምትጎዳው ባለሙያዋ ናት። ልጆቻችንም ይህን እያዩ እንዝርት አያነሡም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድንስማማ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለነጠላ የሚሆነው ቀጭን ክር ለብቻ፣ ለጋቢና ለቡልኮ የሚሆነው ለብቻ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ዋጋው የጥጡን ብቻ ሳይሆን የፈጀብንን ቀን ይቁጠር። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በየፊናችን ለነጋዴ ከመስጠት በአንድነት ለሸማኔው እንሽጥ። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር የእጅ ፈትልን እያሠራ ምርቱን ባሕር ማዶ ይሸጣል።

ለጋሾቻችን፣ ከእናንተ መኪና አንለምንም። ጥጥ በሚረክስበት ወቅት ገዝተን የምናስቀምጥበት መነሻ ገንዘብና ደረቅ መጋዘን ቢኖረን ይበቃናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እንዲያብር ግን አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም መሆን የለበትም። ከመጪው ወር ጀምሮ ልቃቂታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንለየው።