ወታደርና የውጭ አገር ጉዞ ፈቃድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



ከእኛ መካከል ትምህርቱን ሲፈጽም ወታደር ለመሆን የሚያስብ አለ፤ ከወላጆችም ልጁን ለሠራዊቱ የሰጠ ይኖራል። ስለዚህ ወታደር ለግል ጉዳዩ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ፈቃድ መጠየቅ የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ ልንናገር ወደድን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በ32ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ወታደርም ኢትዮጵያዊ ነው። ነገር ግን ቃል ኪዳን የገባ ሰው ጊዜው የራሱ ብቻ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከሠራዊት መኮብለልንም፣ ያለ ፈቃድ መቅረትንም ይቀጣል።

ወታደሮቻችን ባሕር መሻገራቸው አዲስ ነገር አይደለም። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምቷል፤ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን አሸንፏል። እነዚህ ግን ተልከው የሄዱ ናቸው፤ የት እንዳሉ ላኪያቸው ያውቃል። ለግሉ የሚሄደው ወታደር ሳይናገር ከሄደ፣ ቢታሰር ወይም ቢታመም ማን ይደርስለታል? የሚያውቀውን የጦር ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ቢያጠምደውስ ማን ያስጠነቅቀዋል?

ሐምሌ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ወታደር ከደቡብ ኮሪያ ወደ አገሩ እንዲመለስ ታዞ ሳለ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተመልሶ ከጎብኝዎች ጋር በመቀላቀል ድንበሩን ጥሶ ወደ ሰሜን ኮሪያ ገባ። ከሁለት ወር በላይ እዚያ ተይዞ ቆየ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በጦር ፍርድ ቤት የመኮብለል ጥፋቱን አመነ። የአንድ ሰው እግር ሁለት መንግሥታትን አነጋገረ።

«ታዲያ ፈቃድ መጠየቅ ባርነት አይደለምን?» የሚለን ጓደኛ ይኖራል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ልጓም ፈረሱን መንገድ የሚያስይዝ ነው እንጂ ከመሮጥ የሚከለክል አይደለም።

ሆኖም ልጓሙን የያዘ እጅም ኀላፊነት አለበት። እኅቱ ዓረብ አገር ታማ የተኛችበት ወታደር፣ መልስ ሲጠብቅ ወራት ካለፉ ደንቡ ይጨክንበታል፤ ተደብቆ መሄድንም ያስመኘዋል። ስለዚህ ደንቡ የተጻፈና ለሁሉ የታወቀ ይሁን፤ ለጠየቀም ቶሎ ይመለስለት፤ ከተከለከለም ምክንያቱ ይነገረው።

ነገ ወታደር የምትሆኑ ጓደኞቻችን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ነገ አዛዥ የምትሆኑም፣ ለተጠየቃችሁት በጊዜው መልሱ።