ልብሱን አውልቁ፣ ታሪኩን አትካዱ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰው ስም ያወጣለትን፣ እንጀራ ያበላውን ሥራ አንድ ቀን ተነሥቶ «ይህ ከእንግዲህ እኔን አይወክለኝም» ቢል ምን ማለቱ ነው? ከዚያስ በኋላ እንዴት ይኑር?

አንገስ ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 «ቱ ኤንድ ኤ ሃፍ ሜን» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲጀመር ገና 10 ዓመት አልሞላውም ነበር። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ሁለት ወንድና ግማሽ» እንደ ማለት ነው፤ ግማሹ እሱ ነበር። ድራማውን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያየው ነበር። ቀልዱ ግን አብዛኛው በዝሙትና በመጠጥ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ልጁ እዚያ መካከል አደገ፤ በቴሌቪዥን ከሚሠሩ ልጆች ሁሉ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙት አንዱም ሆነ።

በ2012፣ በ19 ዓመቱ፣ ይህ ወጣት ወደ እምነት መጣ። በቪዲዮ ቀርቦም የሚሠራበት ድራማ ቆሻሻ መሆኑን ተናገረ፤ ሰዎችም ማየታቸውን እንዲያቆሙ ለመነ። አስቡት እንግዲህ! እንጀራው እኮ ነው። ዓለም ጉድ አለ። ወዲያውም ሌላ ቃል አወጣ፤ የሥራ ባልደረቦቹን የናቀ መስሎ ከሆነ ይቅርታ ጠየቀ። በተከታዩ ዓመት ከድራማው ቋሚ ተዋናይነት ወጣ። ኋላም ራሱን ሲገልጽ፣ ያላመነበትን ሥራ ለገንዘብ ሲሠራ የቆየ ግብዝ እንደ ነበረ ተናገረ። ድራማው በ2015 ሲያበቃ ግን በመጨረሻው ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብሎ ታየ።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ያው ተመለሰ» ይላል። እኔ ልቡን አላውቅም፤ ፈራጁ ሌላ ነው። ነገር ግን በዚህ ወጣት ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ከሥራው ራሱን መለየቱ አንድ ነገር ነው። አብረውት የሠሩትን ሰዎች ማክበር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቤት ካሜራ የሚይዝ አለ፣ መብራት የሚተክል አለ፣ ልጅ ሳለ ፊቱን የቀባችው፣ ቃለ ተውኔቱን ያስጠናው አለ። ይቅርታ መጠየቁን እንደ ሽንፈት የቆጠሩበት ነበሩ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ንግግሩ ይልቅ ይቅርታው የበሰለ ይመስለኛል። ኅሊናው ጸንቶ ሳለ ለሰው አክብሮት መስጠቱን ነው ያሳየው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ በኤፌሶን የነበሩ አስማተኞች ያደረጉትን ታስታውሳላችሁ? ባመኑ ጊዜ የአስማት መጽሐፎቻቸውን አምጥተው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ። ዋጋው ሲሰላ 50,000 ብር ሆነ። መቼም ብልጥ ሰው ቢሆን ኖሮ «ልሽጠውና ገንዘቡን ለድሆች ልስጥ» ይል ነበር። እነሱ ኪሳራውን ራሳቸው ተሸከሙ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ያቃጠሉት የራሳቸውን መጽሐፍ ነው። የጎረቤታቸውን ቤት አላቃጠሉም። ንስሐ የሚያስከፍለው ንስሐ የገባውን ሰው ነው።

ሌላም ሰው ልንገራችሁ፤ ይህኛው የእኛ እምነት ተከታይ አልነበረም፣ አይሁዳዊ ነው። ሌናርድ ኒሞይ ይባላል። ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ስታር ትሬክ» በተባለው ድራማ ላይ ስፖክ የሚባለውን ጆሮው ሹል ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ የራሱ ስም ጠፋና «ስፖክ» ሆኖ ቀረ። በ1975 «እኔ ስፖክ አይደለሁም» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አወጣ። ብዙ ተመልካች ርዕሱን ብቻ አይቶ «ናቀን» ብሎ ተቀየመው። በ20 ዓመቱ፣ በ1995፣ ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱ «እኔ ስፖክ ነኝ» የሚል ነው። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ድራማ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የእጅ ሰላምታ በልጅነቱ በምኩራብ ካየው የካህናት ቡራኬ የወሰደው ነበር። ከሸሸው ገጸ ባሕርይ ውስጥ ከልጅነቱ፣ ከአባቶቹ ቤት የመጣ ነገር ነበረበት ማለት ነው።

ታዲያ እኛስ ያለፈውን ምን እናድርገው? እንርሳው? እንካደው?

ወገኖቼ፣ ማቴዎስን ተመልከቱ። ማርቆስና ሉቃስ የ12ቱን ሐዋርያት ስም ሲዘረዝሩ ማቴዎስን «ማቴዎስ» ብቻ ብለው ያልፋሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ግን በስሙ ጎን «ቀራጩ» የሚል ቃል ተጨምሯል። ባልንጀሮቹ የሸፈኑለትን በራሱ ስም የሚጠራው ወንጌል ገለጠው! ቀራጭነቱን ትቷል፤ ወደዚያ ጠረጴዛ አልተመለሰም። ቀራጭ እንደ ነበረ ግን አልካደም። ጌታ ከየት እንዳነሣው የሚታወቀው በዚያች አንዲት ቃል ነዋ! ጳውሎስም እንዲሁ አሳዳጅ እንደ ነበረ በየችሎቱና በየመልእክቱ ተናግሯል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 ላይ ስለ አዲስ ፍጥረት የጻፈውም ይኸው ሰው ነው።

በአገራችንም ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብ የወደደው ድምፃዊ ነበር። ጌታን ሲቀበል ዘፈኑን ትቶ መዝሙር ያዘ፤ ኑሮውንም በአሜሪካ አድርጎ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ሂሩት በቀለም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ለረጅም ዓመታት ዘፍና፣ በኋላ ዘማሪት ሆና በ2015 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደች። የቀድሞ ዘፈኖቻቸው ግን ዛሬም በየታክሲው፣ በየሠርጉ ይሰማሉ። እነሱ ሄዱ፤ ዘፈኑ ቀረ። የተዋችሁት ነገር በሰው ጆሮና በሰው አፍ ላይ ይቀጥላል። ሰው ያንን መሰብሰብ አይችልም፤ የሚችለው ዛሬ በአፉ የሚያወጣውን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ይህ ነገር የታዋቂ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሰፈራችሁ «እገሌ ሰካራሙ»፣ «እገሊት የመሸታ ቤቷ» ተብላችሁ የምትጠሩ አላችሁ። ከተዋችሁት ዓመት አልፎ ይሆናል፤ ስሙ ግን እንደ ማስቲካ ተጣብቆ አልለቅ ብሏል። አንዳንዶቻችሁ ስሙን ለመሸሽ ሰፈር ቀይራችኋል፣ አገርም ቀይራችኋል። የድሮ ጓደኛ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አትሸሹ። «አዎ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ጌታ ከዚያ አወጣኝ» ማለት ትችላላችሁ። ያ ጓደኛችሁ እኮ የናንተን መዳን የሚያነብበት ሌላ መጽሐፍ የለው ይሆናል።

ለእኛ ለምእመናንም አንድ ቃል አለኝ። የታወቀ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ሳይውል ሳያድር ማይክ እንሰጠዋለን። የኃጢአቱን ታሪክ በየፕሮግራሙ እንዲደግም እናደርጋለን፤ እልል እንላለን፣ እናጨበጭባለን። እንዲህ ስናደርግ ከአንዱ መድረክ አውርደን ሌላ መድረክ ላይ፣ ሌላ ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት አወጣነው እኮ! ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ አዲስ አማኝን ለኃላፊነት እንዳይሾም የመከረው በምክንያት ነው። ያ የ19 ዓመት ወጣትም በእምነቱ ገና አዲስ ሳለ ነበር ካሜራ ፊት የቀረበው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ወተት ይፈልጋል፤ ጭብጨባ አያሳድገውም። ይልቅስ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ቃሉን አብራችሁ አንብቡ፣ ሥራውን ሲተው ገቢው የቀረበት ከሆነም ጠይቁት፣ እርዱት። በመዝሙር የተቀበላችሁትን ሰው በቤት ኪራይ ቀን አትርሱት።

እንግዲህ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። አሮጌውን ልብስ አውልቁ፤ ዋጋ ቢያስከፍልም አውልቁ። አውልቃችሁ ግን ገና የለበሱትን አትሳደቡ፤ ትናንት እናንተም ለብሳችሁት ነበር። ያለበሳችሁንም አዲሱን ልብስ እንደ መድረክ ልብስ አታድርጉት፤ በቤታችሁ፣ ማንም በማያያችሁ ሰዓት ልበሱት።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ከየት እንዳነሣኸን ታውቃለህ። የተውነውን ተመልሰን እንዳንይዝ አቅም ስጠን። ከኋላችን የቀሩትንም እንዳንንቅ ልባችንን ጠብቅ። በቀድሞ ስሙ አፍሮ ለተደበቀ ወንድማችን፣ ለተደበቀች እህታችን፣ አንተ በምትጠራቸው ስም ዛሬ ጥራቸው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።