ጸሎትና መድኃኒት፤ ስለ ደም ብዛት ሕመም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ደዌ ተይዞ ሳለ፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ በእንባ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ልመናውን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚከተለውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ነቢዩ ኢሳይያስ የምሕረቱን ቃል ካደረሰ በኋላ፥ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ያለ በለስ ማዳን እግዚአብሔርን ይሳነው ነበርን? አይሳነውም። ነገር ግን የፈጠረውን ዕፅ ለፈጠረው ሥጋ መድኃኒት ሊያደርግ ፈቅዷልና፥ ንጉሡ ጸልያለሁ ብሎ መድኃኒቱን እንቢ አላለም።

ይህን ማንሣታችን በከተማም በገጠርም ብዙ ሰው ስለሚይዘው ስለ ደም ብዛት ለመናገር ነው። ሐኪሞች የደም ግፊት ይሉታል፤ ይኸውም ደም በሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር ግድግዳቸውን ከልክ ባለፈ ኃይል ሲገፋ ነው። በመለኪያ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ቢገኝ ሕመሙ አለ ይባላል። የሕዝቅያስ ቁስል በዓይን ይታይ ነበር፤ ይህ ግን አይታይም፥ ብዙ ጊዜም አያምም። በዝምታ ልብን ያደክማል፥ ኩላሊትን ይጎዳል፥ ዓይንን ያፈዛል፤ አንድ ቀንም የአንጎል ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ጤነኛ የመሰለውን ሰው ግማሽ አካሉን ሽባ ያደርገዋል።

ስለዚህ ማጅራቴን ሲያመኝ እውጣለሁ፥ ሲተወኝ እተዋለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። መድኃኒቱ የቤት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ሌባ በታየበት ሌሊት ብቻ አይቆምም። ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም ቢበሉ መልካም ነው እንጂ፥ ሐኪም ያዘዘውን አይተኩም።

ወደ ጠበል ሲሄዱ መድኃኒታቸውን ከቤት ትተው የሚሄዱ፥ መዋጡንም የእምነት ጉድለት የሚያደርጉ ወገኖች አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፥ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ አስተምረው ነበር። ለደም ብዛትም ነገሩ ይኸው ነው። ተጠመቁ፥ ጠጡ፥ ጸልዩ፤ መድኃኒታችሁንም አታቋርጡ። ተፈውሻለሁ የሚል ቢኖር ይለካ፤ ይቀነስ ወይም ይቁም የሚለውም ሐኪሙ ይሁን።

ስለ ጾምም እንናገር። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ጾምን ሕይወት እንዲሆን እንጂ ድውዩን እንዲጥል አልሠራችም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን በስንት ሰዓት ልዋጥ፥ የነፍስ አባታችሁንም እስከ ስንት ሰዓት ልጹም ብላችሁ ጠይቁ። ይልቁንም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ ሲውል ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላልና፥ ሳይጠይቅ አይድፈር።

የጾም መብል ራሱ ለዚህ ሕመም ይስማማል፤ ሥጋና ቅቤ የለበትም፥ ጎመንና ጥራጥሬ ይበዛበታል። የሚያበላሸው ጨው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። እኛ ግን በርበሬውና ሽሮው ሲሰናዳ የገባው ሳይቆጠር በወጡ ላይ እንደገና እንጨምራለን፤ በአንዳንድ አገርም ቡናው በጨው ይጠጣል። እመቤቶች ሆይ፥ ጨውን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ፤ በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብልና በሎሚ አጣፍጡ። 55 ቀን የጾመም በትንሣኤ ማለዳ በሥጋና በአረቄ ሥጋውን አያስጨንቅ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራችሁ ገሥግሡ፤ እንደ አቅማችሁም ስገዱ። ስትለኩ አስቀድማችሁ 5 ደቂቃ ዐርፋችሁ ተቀመጡ፤ ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትለኩ። ልጆችም አባትህን እናትህን ማክበር ይህን ይጨምራልና፥ ዛሬ መድኃኒትዎን ውጠዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ምእመናን ሆይ፤ ሥጋችን በአደራ የተሰጠን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው። አደራውን የሚጠብቅ ሰው በእግዚአብሔር ላይ ያለውን ተስፋ አላጎደለም፤ ታዘዘ እንጂ። ለሕዝቅያስ ዕድሜ የጨመረ አምላክ ለእናንተም የንስሐና የጤና ዘመን ይጨምርላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።