አፉን አስራችሁ፣ ጎኑን አይታችኋል ወይ?

በቆሎ በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ከሸኮም፣ ከቴፒም፣ እዚሁ ከአማንም ይደወላል፦ «አየር አያስገባም የተባለውን ከረጢት ገዛሁ፣ አጥብቄ አሰርኩ፤ ታዲያ ነቀዙ ከየት መጣ?»

እኔም ልጠይቃችሁ፦ አፉን አስራችሁ፣ ጎኑን አይታችኋል ወይ?

ፒክስ የምንለው ከረጢት ከማዳበሪያው ውስጥ ሁለት ፕላስቲክ አለው። ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከ21 በመቶ ወርዶ 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነቀዙ መብላት ያቆማል፤ ውሎ አድሮም ይሞታል። ያለ አንዳች መድኃኒት! ቀዳዳ ካለ ግን የጨረሰው ይተካለታል።

«የመርፌ ቀዳዳ ምን ታመጣለች?» አትበሉ፤ የምታሳልፈውን ጋዝ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ወርዷ እጥፍ ሲሆን ክፍተቷ አራት እጥፍ ይሆናል። የሁለቱ ፕላስቲኮች ቀዳዳ ፊት ለፊት ከገጠመ አየሩ በቀጥታ ይገባል፤ ካልገጠመ በመሃላቸው ዞሮ ስለሚሄድ ይዘገያል። የቴፒ ቀትር ደግሞ የውስጡን አየር አሙቆ ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከረጢቱ የውጭውን እርጥብ አየር ይስባል። በየዕለቱ እንዲህ ነው።

አንዲት እናት ቤት ያየሁት ከረጢት ግድግዳ ተደግፎ ሚስማር ወግቶት ነበር። አፉ ድርብርብ ታስሯል፤ ሚስማሩ ሥር ግን የነቀዝ ዱቄት ተከምሯል። እባካችሁ፣ ከግድግዳ አርቁት፣ እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ከአይጥ ጠብቁት!

እህል ከመጨመራችሁ በፊትም ባዶውን ፕላስቲክ አየር ሙሉበት፤ አፉን ጠምዝዛችሁ ጫን አድርጉት፤ ጉንጫችሁን አስጠግታችሁ ዙሪያውን ፈትሹ። ንፋስ ሽው ካለባችሁ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ከሆነች በፕላስተር ድፈኗት፤ ከበዛ ከረጢቱ ለሌላ ሥራ ይዋል። ይህቺን ሥራ «ነገ» አትበሏት፤ እህሉ ከገባ በኋላ ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ሰዓቱ ገፋኝ፤ ስለ ቡና በአጭሩ። ከቴፒ ታሽጎ አዲስ አበባ የሚወጣ ቡና፣ በከፍታው የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ከረጢቱ ይነፋል፤ የሳሳ ቦታ ካለው እዚያው ያስተነፍሳል። አዲስ የተቆላ ቡናማ ራሱ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ወደ ውጭ ብቻ የምታስወጣ ቫልቭ ያለውን ማሸጊያ ምረጡለት። በቆሎም ሆነ ቡና በደንብ ሳይደርቅ አይታሸግ፤ ይሻግታል።

ሌላውን ብትረሱ ይህን ያዙልኝ፦ ገመድ የሚዘጋው የምታዩትን አፍ ብቻ ነው። የማታዩትን እህሉ ሳይገባ ፈልጉት።