እንግሊዝኛን ከምናውቀው ነገር ጀምሮ ስለ ማንበብ

(በመካነ ሰላም በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ማለታችን በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለሚጠይቅ ነው እንጂ ጉዳዩስ ትልቅ ነው። ይኸውም እንግሊዝኛ የማንበብ ልምምድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በመካከላችን የተቀመጠውን የአንድ ጓደኛችንን ታሪክ እንንገራችሁ። ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጠራም። ባለፈው ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄዶ ሳለ አክስቱ ከመድኃኒት ካርቶን የወጣች ወረቀት ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ አንተ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ደርሰሃል፤ እስቲ ይህችን አንብብልኝ» አሉት። ጓደኛችንም ጉሮሮውን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ አነበበላቸው። አክስቱ ደስ ብሏቸው፣ «እሰይ! ተባረክ። ታዲያ ምን ትላለች?» ሲሉት ዝም አለ። መልሱን ያገኙት በማግሥቱ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበር፤ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ኖሯል።

በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለት ቃላት «ኤምፕቲ» እና «ስቶማክ» ናቸው። ስቶማክን በባዮሎጂ ክፍል ሥዕሉን ሥሎ ፈተና ተፈትኖበታል። ኤምፕቲንም ያውቀዋል። ሁለቱን ቢያገጣጥማቸው ኖሮ የሚያገኘው ያንኑ አክስቱ ዕለት ዕለት የሚናገሩትን «ባዶ ሆድ» ነበር። ነገር ግን እንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለ አክስቱ ሆድ ሊናገር ይችላል ብሎ አላሰበም። ለእርሱ እንግሊዝኛ የፈተና ነገር ነበር። ይህን ሲያጫውተን ሳቅን፤ ከሳቅን በኋላ ግን ማናችንም ከእርሱ እንደማንሻል ገባን።

አገራችን ወሎ የአፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ማንበብን ከጥንት ጀምሮ የምታውቅ ናት። በሰሜናችን በሳይንት እንዳለችው እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ አድባራት ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ግእዙንና ውርድ ንባቡን አልፎ፣ በቁም ንባብ ዳዊቱን ይደግማል። በቁርአን ቤትም ልጁ ሐርፉን ለይቶ ቁርአኑን ያኸትማል። ሁለቱም በዚህ ጊዜ አፋቸው እንጂ ልባቸው ገና አላነበበም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ደረጃ አበጅተዋል፤ ለአንዱ የትርጓሜ ቤት አለ፣ ለሌላው ደረሳ ሆኖ ከሸኹ ፊት ኪታብ መቅራት አለ። እኛ ግን በእንግሊዝኛ ከቁም ንባቡ ላይ ቆመን ትርጓሜ ቤቱን ሳንገባ ቀረን። የጎደለንን በሌላ ቃል መግለጽ አያሻም።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአገራችን የታችኛው ክፍል ትምህርት እንኳ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከዚያም አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማሩ ተገቢ ነው፤ እኛም የተማርነው በዚሁ ነው። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ስንገባ ከአማርኛው መጽሐፍ በቀር መጻሕፍቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነው ጠበቁን። መሻገሪያው ድልድይ ማንበብ ነበር፤ እርሱን አልሠራነውም። በዚህም ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦብናል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ አናሳብብም። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅም አያውቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ማናችንም ያለ መውጫ ፈተና አንመረቅም። ያም የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የእኛ ሐሳብ፣ በምናውቀው ነገር እንጀምር የሚል ነው። ማይክል ዌስት የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ በቤንጋል ሲያስተምሩ፣ ለዚያ አገር ልጆች ከንግግር ይልቅ ንባብ ይቅደም ብለው በተመጠኑ ቃላት የተጻፉ መጻሕፍትን አዘጋጁላቸው። በ1953 ያሳተሙት የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝርም 2,000 ያህል ቃላትን የያዘ ነው። ፖል ኔሽን የተባሉት የኒው ዚላንድ ምሁርም ከባልደረባቸው ጋር በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ አንድን ታሪክ ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። በዚህ ሒሳብ 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ የማናውቃቸው 6 ብቻ ሊሆኑ ይገባል። ጓደኞቻችን፣ ዛሬ ማታ የኬሚስትሪ መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ ቍጠሩ፤ በ6 የሚያቆም ካለ ለእርሱ እጅ እንነሣለን!

የታወቀ ነገር ግን ያልታወቀውን ቃል ይገልጠዋል። ስለ ጤና የተጻፈ አንድ ገጽ እንውሰድ፤ ጉዳዩም ወባ ይሁን። ከደጋችን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወይም ለሥራ ወደ መተማ ቆላ ሄዶ ታሞ የተመለሰ ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው? ትንኝዋን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ ትኩሳቱን፣ አጎበሩን ሁሉ እናውቃለን። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ሰው ማታ ከሥሩ የሚተኛበት ነገር ሲጠቀስ፣ መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ አጎበር መሆኑን እናገኘዋለን። ዕውቀቱ አስቀድሞ በአማርኛ አለን፤ እንግሊዝኛው አዲስ ስም ብቻ ይሰጠዋል። ታዲያ ወረቀት አነበብን ብለን ሐኪም እንሁን ማለታችን አይደለም፤ ሐኪሙ የጻፈውን ሳናጣምም ለአክስታችን እናድርስ ማለታችን ነው።

ስለ ጉዞም እንዲሁ ነው። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የገባ ተማሪ ስለ መንገድ ብዙ የሚያውቀው አለው። ግን እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ 9 ኤ.ኤም. ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቍጥሩን ብቻ አይቶ በእኛ 9 ሰዓት የመጣ ሰው አውሮፕላኑም ቢሆን ፈተናውም ቢሆን ከሄደ 6 ሰዓት ሆኖታል። ቃላቱን ሁሉ አውቆ ሳይረዳ የሚቀርም አለና፣ ስናነብ የጸሐፊው ሰዓትና ዘመን አቈጣጠር የማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

ስለ ቋንቋ ራሱም በመንገድ ላይ እንማራለን። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ፌርማታ፣ ጎሚስታ የምንላቸውን ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ይመስሉናል፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሚኒባስና ትራፊክ ግን ከእንግሊዝኛ ናቸው። የፈረንጅ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ አለመሆኑን ማወቅ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ይህ የሕፃን ትምህርት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይመጥንም» ይሉ ይሆናል። እኛም እንዲህ ብለን ነበር። ነገር ግን ያልገባን ከባድ ገጽ ከገባን ቀላል ገጽ የበለጠ ክብር የለውም። መሠረቱን ያልቆፈረ ሰው ጣራ ለማቆም ቢጣደፍ ጎረቤቱ ምን ይለዋል?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አምስት አምስት ሆነን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ግማሽ ሰዓት እንቀመጥ። ለየቀኑ ስለ ጤና፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ቋንቋ ወይም ስለ እርሻ የተጻፈ አንድ ቀላል ገጽ ይመረጥ። መጀመሪያ ስለ ጉዳዩ የምናውቀውን በአማርኛ እንጨዋወት፤ ቀጥሎ ሁላችንም በልባችን እናንብብ፤ በመጨረሻ አንዱ ለአክስቱ እንደሚነግር አድርጎ በአማርኛ ይተርጉመው፤ ሌላው ያንኑ በሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይመልሰው። በሰው አነጋገር መሳቅ ክልክል ይሁን። በተለይ እኅቶቻችን ከንባብ የሚሸሹት ባለማወቅ ሳይሆን ሳቃችንን ፈርተው መሆኑን ነግረውናልና፣ እኛ ወንዶቹ ይህን በደል እናምናለን።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየሳምንቱ አራት ገጾች ምረጡልን፤ ነጥብ ግን አትስጡበት። ነጥብ ካለበት እንደ ገና ለፈተና እናነባለንና።

ጓደኛችን በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አክስቱ ይመለሳል። ወረቀቷን በሣጥን አስቀምጠዋታል አሉ። እርሱም «ምን ትላለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ እንዲሄድ ከነገ ወዲያ ሰኞ እንጀምራለን። ከእኛ ጋር መቀመጥ የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።